ጧፉን የምታጠፋው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጥታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ልትማር የመጣች ሴት። መምህሩ ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠች፣ አንድ ቃል የተጻፈባትና በክር የምትንጠለጠል ቁራጭ ሰጧት። ሴትዮዋ ገለበጠቻት፤ በጀርባዋ ሌላ ነገር የተጻፈ መስሏት ነበር።

«ይቺን ብቻ ነው?» አለቻቸው።

መምህሩ ፊቷ ሲጠቁር አይተው ቃሉ የከበዳት መስሏቸው «አይዞሽ፣ ቀላል ናት» አሏት።

እሳቸው ማጽናናታቸው ነበር። እሷ ግን ለአንቺ የሚሆንሽ ይኸው ነው የተባለች ያህል ቆጠረችው።

ትርንጎ ትባላለች። ባደገችበት አገር፣ በሰርግም በተዝካርም፣ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ማንነቱን ይናገራል። ቄሱና ሽማግሌው ከላይ፣ ሌላው እንደ ክብሩ ዝቅ እያለ፣ የመጨረሻው በሩ ላይ። ትርንጎም የካርቶኗን ቁራጭ እንደ ድግስ መቀመጫ አየቻት። በር ላይ አስቀመጡኝ አለች፣ በልቧ።

መምህር ዳምጤ ግን ድግስ አልደገሱም። በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ መጽሐፍ አልነበረም። ደብተር ሙሉ ቃል ሸምድዶ አፉን መክፈት የማይችል ተማሪ ማየት ሰልችቷቸዋል። ስለዚህ ቃሎቹን ሰው አደረጓቸው። ትልቁን ግስ፣ ፑትን፣ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰው የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ይልቃል ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። ፑት ብቻውን ሲቆም ማስቀመጥ ነው። እየዞረ ከአንዱ ትንሽ ቃል አጠገብ ሲቆም ግን ሥራው ይለወጣል። ኦን አጠገብ ሲቆም ኮት ይለብሳል። ኦፍ አጠገብ ሲቆም የዛሬውን ሥራ ለነገ ያሳድራል፤ ኦፍ የሆኑት አትክልተኛው ጋሽ መንበሩ እግራቸውን አነባብረው ሲቀመጡ፣ እሳቸውስ ይሄን ሳይማሩም ያውቁታል እየተባለ ይሳቃል። አውት አጠገብ ሲቆም ደግሞ መምህሩ የያዙት ጧፍ ይጠፋል።

አውት ትርንጎ ነበረች። ሥራዋ እፍ ማለት ብቻ።

ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ መምህሩ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ዝናቡ እስኪያባራ ከተማሪዎቻቸው ጋር ቆሎ ይቆረጥማሉ። አዳራሹ ዛሬ ፈርሷል። እዚያ የተማሩት ግን ሲገናኙ አሁንም በስማቸው ሳይሆን በቃላቸው ይጠራራሉ።

ትርንጎ ትምህርቱን የፈለገችው ለጌጥ አልነበረም። በረኪና እጇን ሰነጣጥቆታል። ከውሃው ካልራቅሽ ቁስሉ አይድንም ብሏታል ሐኪሙ። ሆቴሉ ደግሞ በእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ያለፈውን ሠራተኛ ወደ ምግብ አዳራሽ ሊያዛውር ቃል ገብቷል። ሌላ መውጫ አልነበራትም። እንዲያም ሆኖ አንድ ቅዳሜ ቀረች። ሁለተኛውንም ቀረች።

ወገኖቼ፣ ሰው ከሚያድነው በር ለምን ይመለሳል? በሩ ጠቦት ነው? አይደለም። የተሰጠው ቦታ አንሶበት ነው። አየችው፣ ለካችው፣ ናቀችው። እጇ እየቆሰለ ክብሯን አስታመመች።

ሰኞ ዕለት ይልቃል ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረደ። አንሶላ ሊወስድ የመጣ መስሏት ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እሱ ግን በሩን ተደግፎ ቅዳሜ የሆነውን ነገራት። መምህሩ ጧፉን ለኮሱ። እሱም ዞሮ ዞሮ እሷ ቦታ ደረሰ። ማንም የለም። አንዷ ተማሪ እኔ ላጥፋው ብትል መምህሩ ከለከሏት፤ የእሷ ቃል ነው፣ ትመጣለች አሉ። በሩን እያዩ ቆሙ። ጧፉ እየነደደ ወርዶ ጣታቸውን ለበለባቸው።

ትርንጎ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ተቆጣች፤ ሽማግሌ ሰው ሲቃጠል ቆማችሁ ታያላችሁ ወይ አለችው። ከዚያ እጇን ከውሃው አውጥታ በነጠላዋ ጠረገች።

«እታለም» አለ ይልቃል፣ መሬት መሬቱን እያየ፤ «በፊተኛው ቅዳሜ በደብተር ብቻ ስንጽፍ ዋልን፤ መቅረትሽን ልብም አላልኩት። ትልቁን ቃል ተሸክሜ ስዞር ሁሉ ነገር በእኔ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ትናንት በስቲያ ግን አንቺ ቦታ ስደርስ ምንም መሥራት አልቻልኩም። እንዲያው ቆሜ ቀረሁ።»

እናንተስ?

ከመካከላችሁ የተሰጣትን ትንሽ ነገር ገልብጣ አይታ፣ ሌላ የተጻፈ አጥታ፣ ወደ ቤቷ የተመለሰች የለችም? ምንጣፍ ማንጠፍ ብቻ፣ የታመመ መጠየቅ ብቻ፣ በማኅበር ላይ እጅ ማስታጠብ ብቻ የደረሳችሁ፣ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ማን ጨመራት? ሰጪው ነው ወይስ እናንተ?

እናንተ ትልቁን ካርቶን ያንጠለጠላችሁትስ? እናንተ ስትናገሩ ሰው ያዳምጣል፣ ስትቆሙ ይቆማል። አጠገባችሁ የሚቆመው ሰው ሲቀር በስንተኛው ቅዳሜ አወቃችሁ? ወርዳችሁስ ጠየቃችሁት? ይልቃል ደረጃውን ለመውረድ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶበታል። እኛ ዓመት የፈጀብን አለን። እኔም አለሁበት።

ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ በዚህ ሳምንት ያላያችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ስሙን አንሡት። ካለበትም ውረዱ።

ትርንጎ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣች። የግንቦቱን ፈተና ወደቀች፤ የጥቅምቱን አለፈች። በኅዳር ወደ ምግብ አዳራሹ ተዛወረች፣ የገና በዓል ሳይደርስም እጇ ዳነ።