አስፋልት ስር የቀረው የቤት ቁጥር

ይህን በአጥሬ ቀዳዳ ነው ያየሁት፤ ያላየሁትን ደግሞ ጆሮዬ ሰምቶታል።

ጎረቤቴ አበጋሽ አንድ ጋቢ ፈለገች። ባሏ ጋሽ ሽብሩ በሐምሌ ጭጋግ በእኩለ ቀን ይንቀጠቀጣል፣ አልጋው ሲንቋቋ እኔ ዘንድ ይሰማል። "የእኔን ላልብሰው" ብላት፣ እሱ ከውስጥ "የሰው ላብ አይሞቀኝም!" አለ። እየሞተም ኩራት! ጥላው መውጣት ብትፈራ፣ ስልኳ ላይ ካለው ሱቅ ነጭ ጋቢ መርጣ የማዘዣው ቅርጫት ውስጥ ከተተች።

"ጋቢዬ፣ ና" አለች።

ስልኩ በሰው ድምፅ መለሰ፦ "አልመጣም፤ ቅርጫቱ ይዞኛል።"

"ቅርጫት፣ ጋቢውን ልቀቅ፤ ባሌን በረደው።"

"አልለቅም፤ የማዘዣው ቅጽ አልሞላም።"

"ቅጽ፣ ሙላ፤ ቅርጫቱ አልለቅም አለ፣ ጋቢው አልመጣም አለ፣ ባሌን በረደው።"

"አልሞላም፤ የቤት ቁጥርሽን አምጪ።"

ከየት ታምጣ? ቁጥሩ የተጻፈበት ቆርቆሮ አምና መንገዱ ሲሰፋ ከነአጥሯ አስፋልት ስር ቀርቷል። የእኔን ቁጥር በቀዳዳው ሹክ አልኳት። ቅጹ ቀላ። "ይሄ የምታደምጠው ሴትዮ ቤት ነው" አለ። አማተብኩ።

አበጋሽ ወጥታ መንገዱ ላይ ተንበረከከች። "ቁጥር፣ ውጣ፤ ቅጹ አልሞላም አለ፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለ፣ ጋቢው አልመጣም አለ፣ ባሌን በረደው።"

ከታች ቆርቆሮ ተንኳኳ። "አልወጣም፤ አስፋልቱ ተጭኖኛል።"

"አስፋልት፣ ተነስለት፤ ቁጥሩ አልወጣም አለ፣ ቅጹ አልሞላም አለ፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለ፣ ጋቢው አልመጣም አለ፣ ባሌን በረደው።"

"አልነሳም፤ ከስሬ ያለችው ምንጭ አልፈቀደችም።"

"ምንጭ፣ ፍቀጂ፤ አስፋልቱ አልነሳም አለ፣ ቁጥሩ አልወጣም አለ፣ ቅጹ አልሞላም አለ፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለ፣ ጋቢው አልመጣም አለ፣ ባሌን በረደው!"

ውሃ ተንሾካሾከ። "ደፍናችሁኝ ስሜንም ረሳችሁት። በስሜ ጥሪኝ።"

ለአበጋሽ ስሟ ጠፋት። ያኔ የጋሽ ሽብሩ አልጋ ድምፅ ቀጥ አለ።

"አንቺ!" ብዬ ጮህኩባት፣ "ልጆች ሆነን ቤታችሁ የት ነው ሲሉን ምን እንል ነበር?"

"ከኮለል ምንጭ በላይ! ከዘመመው ኮሶ አጠገብ!"

ስሟን ስትሰማ ምንጯ ፈቀደች፣ አስፋልቱ ተነሳ፣ ቁጥሩ ወጣ። ወጥቶም "እኔን ተዪኝ፣ አሁን ያልሽውን ጻፊ" አለ። ቅጹ ጥያቄውን ቀየረ፦ "ቤትሽ ከምን አጠገብ ነው?" ጻፈች። ቅጹ ሞላ፣ ቅርጫቱ ለቀቀ፣ ጋቢው መጣ።

ያመጣው ሞተረኛ ፌስታሉን ሲያቀብላት "ምንጩ ጋ ውሃ የምትቀዳ ሴትዮ ናት መንገዱን ያሳየችኝ" አላት።

"ምን ምንጭ? አስፋልት እኮ ነው!" አልኩት። ዞሮ አየና ሞተሩን አስነስቶ በረረ።

የጋቢው ጥለት እርጥብ ነበር። ቢሆንም ጋሽ ሽብሩ ተከናነበና አልጋው እንደገና ሲጢጥ አለ። "እፎይ፣ ሞቀኝ። በሩን ዝጊው፣ ያቺ ጎረቤትሽ ታያለች" አለ።

ሱቁ ከዚያ ወዲህ ቁጥር አይጠይቅም፣ ከምን አጠገብ ነው ብቻ ይላል። እኔም ትናንት አንድ ሻሽ ላዝዝ ከፈትኩት። ቅጹ ገና ጣቴ ሳይነካው ተሞልቶ ጠበቀኝ፦ "ከቀዳዳው አጠገብ።"