የሚዘለው በርበሬና የመጋዘኑ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ የበርበሬ ዋጋ እንደ ፍየል ግልገል በሚዘልበት ዓመት፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። መጋዘናቸው እስከ ጣሪያው በርበሬ ሞልቷል፤ ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል። ክረምቱ ሊገባ ነው! ቢሸጡ ነገ ይወደድ ይሆናል፤ ባይሸጡ ይሻግታል። ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ አሉ! በመጨረሻ ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ።

«ይህን በርበሬ ያዳነልኝ መጋዘኑን ይረከብ።»

ትልቋ አንጓች ፈትል አላት። በየገበያው ቀን ትቋጥራለች፤ ዋጋውን እኮ አይደለም፣ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ያህል እንደተወራጨ ነው። ረጋ ካለ ትንሽ ቋጠሮ፣ ከዘለለ ጉብ ያለ። ፈትሉን ዳሰሰችና «እማዬ፣ ጉብ ያለ ቋጠሮ ሌላ ጉብ ያለ ያስከትላል። መናወጡ ገና ሦስት ገበያ ይቆያል፤ እስከዚያ አትቸኩይ» አለች።

«ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«እሱን ፈትሉ አይናገርም።»

መካከለኛው ደምለው ጆሮው ሁለት ገበያ ላይ ነው። የደጋውና የቆላው ዋጋ እንደተጠመዱ በሬዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ማን ማንን እንደሚጎትት አይታወቅም። እሱ ግን የሚያየው የረብሻውን ቀን ብቻ ነው። «ቆላው ሲናወጥ ደጋው ይንቀጠቀጣል፤ ደጋው ሲናወጥ ቆላው ንቅንቅ አይልም። ረብሻው የሚነሳው ከቆላ ነው፤ እኛ ደጋ የሚደርሰው ማሚቶው ነው። በርበሬው ቆላ ይውረድ!»

«ይወደዳል ማለትህ ነው?»

«ኧረ እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

ትንሹ ይርሳው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ፣ ከት ብሎ ሳቀ። «እናንተ ስትቋጥሩና ስታዳምጡ በርበሬው ጢም ሊያበቅል ነው!» ጭኖ ቆላ ወረደ። በመጀመሪያው ገበያ ዋጋው ወደቀ። በሁለተኛው ጭራሽ ተንኮታኮተ፤ አጠገቡ ያለ ነጋዴ ሁሉ እያለቀሰ ሸጠ። እናቱ ደውለው «ሽጥና ገላግለኝ!» ሲሉት ስልኩን አጠፋ፤ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ዋጋው ወደ ላይ ተተኮሰ! እኩለ ቀን ሳይሆን አንድ ጆንያ አልቀረም። በማግስቱ ገበያው ረጋ፤ ዝናቡም ወረደ።

አሁን ሦስቱ በባዶው መጋዘን ይጨቃጨቃሉ።

«ሦስት ገበያ ባልል በመጀመሪያው ትሸጠው ነበር!»

«ቆላ ባልል የት ትሄድ ነበር?»

«ወድቆ ቢቀር ኖሮስ? ማናችሁ አብሮኝ ይወድቅ ነበር?»

ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቁልፉን ጨብጠው አሁንም ቁጭ ብድግ ይላሉ፤ አንዱን ሲያዩ ሌላው ያሳዝናቸዋል። እስቲ እናንተ ፍረዱላቸው፤ መናወጡ እስከ መቼ እንደሚቆይ ላወቀችው፣ ከየት እንደሚነሳ ለለየው፣ ወይስ ምንም ሳያውቅ ጆንያው ላይ ለተቀመጠው? ቁልፉ ለማን ይገባል?