አንዱን ጥግ የጨረሰው በያጅ

አንድ ብረት በያጅ ነበረ። ቆይ መርዕድ፣ አትነሳ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «በመሬት ድንበር የተጣሉትን ሁለቱን ወንድማማቾች ላስታርቅ ተነሳሁ፤ የታላቁን ጉዳይ አጥርቼ ከጨረስኩ በኋላ ታናሹ ለምን አሻፈረኝ አለ?» ነው ያልከኝ። ቁጭ በል፤ መልሱ እዚሁ በያጁ ዘንድ ነው።

ሰውየው በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራ ነበር። ሰፈሩ የሚያመሰግነው በአንድ ጠባዩ ነው፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። አንዱን ጥግ ከያዘ በይዶ፣ ሞርዶ፣ በመዳፉ ዳስሶ ካላለሰለሰው ወደ ሁለተኛው አይሻገርም። ሰዉ «እጁ የተባረከ ነው» ይለዋል፤ እሱም ሲባል ደስ ይለዋል። ማን ይጠላል?

ሽማግሌ አባቱ አብረውት ይኖሩ ነበር። በጉልበታቸው ዘመን የጠፍር አልጋ ሠሪ ነበሩ፤ ከበሬ ቆዳ የተቀደደ ጠፍር በአልጋ እንጨት ላይ እየወጠሩ ነው ልጆች ያሳደጉት። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በያጁ «አባቴ የሚበሉበትን በገዛ እጄ ልሥራ» ብሎ፣ እግሩን ከብረት፣ ላዩን ከዋንዛ ሳንቃ አድርጎ አንድ ጠረጴዛ ሠራ። አምሮ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ግን አባትየው ሻያቸውን አስቀምጠው ክርናቸውን ሲያሳርፉ ጠረጴዛው ወደ አንድ ወገን ጋደል አለ። ሻዩ በምራታቸው ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«እጄ ነው፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ።

«ኧረ ምንም አይደል አባባ» አለች።

በያጁም እጃቸው ነው ብሎ አመነ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደዚሁ ሆነ። ከዚያ ወዲያ አባትየው ጓዳ ገብተው ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። «እናንተ ብሉ፣ እኔ ዛሬ ብዙም አልራበኝም» ይላሉ። በነጋታውም አልራባቸውም፣ በሠልስቱም አልራባቸውም። ልጅየው ከግድግዳው ወዲያ የማንኪያቸውን ኮሽታ ሲሰማ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጥ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ እሱም ክርኑን አሳረፈ። ሻዩ ፈሰሰ። የእሱ እጅ እንደሆነ አይንቀጠቀጥም። ተንበርክኮ ከሥር ቢያይ አንደኛው እግር ወለሉን አልነካም። ለካስ አባቱን ያሳፈራቸው የገዛ ሥራው ኖሯል። ክፉኛ አፈረ፤ ከእፍረቱ ይልቅ ግን ግራ መጋባቱ ባሰ። ሜትር አምጥቶ አራቱንም እግሮች ለካ፤ እኩል ናቸው። ወለሉንም ለካ፤ ልክ ነው። ታዲያ ይህን እግር ማን አነሳው?

ሌላ ጠረጴዛ ሠራ። ያም ተነቃነቀ። ይህን ሁሉ ዓመት ሲበይድ እንዴት ሳያውቀው ቀረ ትለኝ ይሆናል። በርና መስኮት ሲሆን ግድግዳ ይይዘዋል፤ ቢጣመምም ሲሚንቶው ይሸፍንለታል። ጠረጴዛ ግን የሚሸፍንለት የለውም።

በሦስተኛው ላይ እልህ ያዘው። የጠረጴዛውን ሳንቃ የሚሸከሙትን አራት ብረቶች ቆርጦ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አጋደማቸው። እንደ ልማዱ አንዱን ጥግ በይዶ ጨረሰ፤ ሞርዶም አለሰለሰው። ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ ሁለተኛው አልሄደም፤ በደረቱ ተኝቶ ማየት ጀመረ። ብረቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ማዶ ያለው ጫፍ ቀስ እያለ ከሲሚንቶው ተነሳ። የክብሪት ቀፎ አስገባበት፤ ገባለት።

አባትየው በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ምን ጠፍቶህ ነው መሬት ላይ የተኛኸው?» አሉት።

«ብረቱን የሚያነሳብኝን እየፈለግኩ ነው አባዬ።»

ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቃቸው ነው። በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና ብረቱን አዩት፤ በጣታቸውም ነካ ነካ አደረጉት።

«አንዱን ጥግ ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው?»

«አዎ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ መተው አልወድም፤ ያውቁኝ የለ?»

«አውቅሃለሁ» አሉ። «እኔ አልጋ ስጠፍር አንዱን ወገን መጀመሪያ ካጠበቅኩት እንጨቱ ወደዚያው ይዞራል፤ ሌላውን ወገን ከዚያ በኋላ በጉልበትም አልመልሰውም። እርጥቡ ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባላ። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርጌ እይዛለሁ፤ ከዚያ ከዚህ ትንሽ፣ ከማዶ ትንሽ እያልኩ አጠብቃለሁ። ያንተስ ብረት ሲቀዘቅዝ አይሰበሰብም?»

በያጁ ወደ ብረቱ ጎንበስ አለ። የጨረሰውን ጥግ አየው፤ በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ የሠራው አልነበረም። መጋዙን አነሳና ቆረጠው።

እንደገና ጀመረ። አራቱንም ጥግ በትንሽ በትንሹ ነክቶ አያያዘ። ከዚህ ጥቂት በይዶ ማዶ ወዳለው ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያ ወደ አራተኛው። ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አስጠግቶ ያያል፣ ደግሞ ይዞራል። አባትየው በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው «አሁን ወደዚያ» እያሉ ያመላክቱታል። አንዱም ጥግ ከሌላው ቀድሞ አላለቀም። እግሮቹንም በዚሁ አኳኋን ተከላቸው፤ ሳንቃውን በብሎን አሰረበት።

እሑድ አባትየው ከጓዳ ወጥተው ተቀመጡ። እጃቸው መንቀጥቀጡን አልተወም። ክርናቸውን ሲያሳርፉ ግን ጠረጴዛው ተሸከመላቸው፤ ብርጭቆውም ሳይፈስ አፋቸው ደረሰ።

«እኔ እኮ እጄ ነው ብዬ ነበር» አሉ።

ልጅየው አቀርቅሮ እንጀራውን ቆረሰ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ መርዕድ። ታላቁ ወንድም ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥክ። ሰማኸው፣ አዘንክለት፣ የድንበሩን ነገር ከእሱ ጋር ቃል በቃል ጨረስክ። ሥራህ እንከን አይወጣለትም። ከዚያ ያለቀውን ይዘህ ታናሹ ደጃፍ ሄድክና «ተቀበል» አልከው። በምኑ ይቀበል? አንተ ገና በታላቁ ቤት ሳለህ የታናሹ ጫፍ ከመሬት ተነስቷል። ታላቁ ዋሽቷል አላልኩም፤ እውነቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ሊሆን ይችላል። አንዱን ወገን ብቻህን ማጥበቅህን ነው የምነግርህ።

ሂድና የጨረስከውን ቁረጠው። ታላቁ ይቆጣል፤ ይቆጣ። ከታናሹ ጥቂት ስማ፣ ከታላቁ ጥቂት ስማ፣ አቀዝቅዝ፣ ተመለስ። ሁለቱም ሳይገናኙ አንድም ነገር እንዳታጠብቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ታናሹ በእናታቸው ተዝካር ላይ አልመጣም፤ «ክፉው እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ከሰው ጋር መቀመጥ አልችልበትም» አለ ብለህ እየሳቅክ ነግረኸኛል። እኔ አልሳቅኩም። የበያጁ አባትም ጓዳ የገቡት እንደዚሁ ጥፋቱን የገዛ እጃቸው አድርገው ነው። ዛሬውኑ ሂድ፤ ስለ ድንበሩ ምንም ከማንሳትህ በፊት «ሥራዬ ነው ያጋደለው እንጂ ያንተ እጅ አይደለም» በለው።