ሐጂ ቡሽራና የወንድማቸው ኮርቻ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የአማናን፣ የአደራን ክብደት የሚያውቀው የተሸከማት ብቻ ነው።

በአንዲት ጥንታዊ የንግድ ከተማ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ አላህን ፈሪ ሽማግሌ ነበሩ። ሲራራ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው ኩባንያ ሲያቋቁሙ አለቃ አድርገው የመረጡት እሳቸውን ነበር።

ኩባንያው ለበቅሎዎቹ ሁሉ አዲስ ኮርቻ ማሠራት ፈለገ። ሁለት ኮርቻ ሠሪዎች ቀረቡ። አንደኛው ከሩቅ አገር የመጣ፣ በከተማይቱ ዘመድ የሌለው ሙስባህ ነው። ሌላው የሐጂ ታላቅ ወንድም ዙበይር ናቸው። አባታቸው ሲሞት ቆዳ እየፋቁ፣ ከአፋቸው እየቀነሱ ሐጂን ያሳደጉ እኚህ ወንድም ናቸው። አሁን ሥራቸው ቀዝቅዞ ሱቃቸው ሊዘጋ ተቃርቧል።

ዙበይር አንድ ገንቦ ማር ወደ ሐጂ ቤት ላኩ። ሐጂም ክዳኑን ሳያስከፍቱ፣ «አለቃ ባልሆን ይህ ማር ዛሬ ይመጣልኝ ነበር?» ብለው መለሱት።

በምርጫው ቀን የቱ የማን እንደሆነ ሳይነገር ሁለቱ ለናሙና የሠሯቸው ኮርቻዎች በበቅሎዎች ላይ ተጫኑ። ነጋዴዎቹ፣ «ሐጂ፣ እስቲ ዳስሰው ይፍረዱልን» አሏቸው። ሐጂ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«እጄ የወንድሜን ስፌት ያውቀዋል። የሚጋልቡበት ይፍረዱ» አሉና ወደ መስጂድ ሄዱ።

ጋላቢዎቹ ዳገቱን ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው ተመለሱ። አንደኛው ኮርቻ የበቅሎዋን ጀርባ ልጦታል። የዙበይር ነበር። ሥራው ለሙስባህ ተሰጠ።

ሐጂ ይህን ሲሰሙ አለቀሱ፤ በቀጥታም ወደ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። በሩ ተቀርቅሯል።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ! ለባዳ ሰጠኸው!»

ከተማው ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሰው ደጃፉ ላይ አፈር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ከረረች፤ አልተነሡም። ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት አዛን ሲሰማ በሩ ተከፈተ።

«ጋሼ፣» አሉ ሐጂ፣ «የኩባንያው ሥራ የሰው አማና ነው፤ ልሰጥዎ አልችልም። ቤቴ ግን የእርስዎ ነው፤ ያለኝን እኩል እንካፈል።»

ዙበይር አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው፣ «ለካ እንዲህ ያለ ሰው ኖሯል ያሳደግኩት!» ሲሉ ተንሰቀሰቁ።

ሱብሃነላህ! እኛ ዘመድ እንረዳለን እያልን ከሰው አማና ላይ ቆርሰን እንሰጣለን፤ እሳቸው ከገዛ ማዕዳቸው ቆረሱ። ወገን የሌለው እንግዳ በእጁ ሥራ ብቻ የሚያሸንፍባት ከተማ፣ ወላሂ፣ በረካ አይለያትም።