በአባቱ ስም የተገኘው ሰው

ወገኖቼ፣ አንድ ሰው ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ የሚጠራበትን ሰዓት ይጠብቃል። የሚጠብቀው ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ይገባዋል ወይስ አይገባውም ብሎ የሚወስነውን ጉባኤ ነው።

የዚህ ሰው ሥራ ድምፅን ከጫጫታ መለየት ነበር። በስልክ ስታወሩ መስመሩ እየተንሿሿ ያስቸገራችሁ ጊዜ የለም? ያንን አጣርቶ የሰውየውን ድምፅ ብቻ የሚያስቀር ስሌት ያወጣል። ያገኘውንም ጽፎ ያሳትማል።

ምሁራን አንድ ልማድ አላቸው። በሌላ ሰው ሥራ ሲጠቀሙ ስሙን ይጠቅሳሉ። ብዙ የተጠቀሰ፣ ብዙ ተሰማ። እናም ጉባኤው ጠየቀ፦ ይህ ሰው ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

የጉባኤው ጸሐፊ ኮምፒውተሩ ላይ ስሙን ጽፎ ፈለገ። «ልክነህ» ብሎ። የተገኘው ሁለት ብቻ ነበር። አንዱን የጠቀሰው ደግሞ ራሱ ልክነህ።

ዕድሜውን ሙሉ ተናግሮ ሰሚ ያጣ ሰው ምን ይለዋል ልቡ? የሰውን ድምፅ ከጫጫታ ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ የእሱ ድምፅ በጫጫታ ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

ይህን ሲነግሩት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዶ ለኃላፊዋ ለወይዘሮ ትርንጎ የማዕረግ ማመልከቻውን ሊስብ መሆኑን ነገራቸው። ምርምሩንም እንደሚተው፣ ከእንግዲህ አስተምሮ ወደ ቤቱ መግባት ብቻ እንደሚበቃው ነገራቸው። እሳቸውም ፊቱን አይተው፣ ለቅሶ ደርሶ የመጣ መስሏቸው እንደነበር ቀለዱበት። ከዚያ በማን ስም እንደተፈለገ ጠየቁት። በስሜ ነዋ፣ አለ።

«ዶክተር» አሉት ወይዘሮ ትርንጎ፣ «ፈረንጅ እርስዎን በስምዎ መቼ ያውቅዎታል? የሚጠራዎ በአባትዎ አይደል እንዴ?»

ሳያውቅ ቀርቶ አልነበረም። ያፈረ ሰው ግን የሚያውቀውንም ይረሳል።

ወይዘሮ ትርንጎ የአባቱን ስም ጻፉ። ቸርነት።

ገጹ ማለቂያ አጣ። ቸርነት እንዳሳየው፤ ቸርነት ባወጣው መንገድ፤ ቸርነትን ተከትለን። በሩቅ አገር ያለች አንዲት ሐኪም የፅንስን የልብ ትርታ ከእናቱ ትርታ ለይታ የሰማችው በእሱ ስሌት ነበር። ስም እንኳ አውጥተውለታል፦ «የቸርነት ማጣሪያ»።

ቸርነት ማን ነበር? ጂንካ ስልክ ቤት ውስጥ መስመር የሚያገናኝ ሰው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ በዚያ ሁሉ ሽውታና ፍጭርጭር ውስጥ የሰውን ቃል ለሰው የሚያደርስ። አንድ ቀን ከወዲያ ጫፍ ስለ አንድ ወታደር ተነገረ፤ የወታደሩ እናት «ሞተ» ብለው ሰሙና ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ቸርነት እጃቸውን ያዛቸው። «ይቆዩ እናቴ፣ መጣ ነው ያሉት። ሞተ አይደለም፣ መጣ።»

ልክነህ ይህን ታሪክ እየሰማ አደገ። ጫጫታን መጥላት፣ ድምፅን መፈለግ ያወረሰው ያ ጆሮ ነው። ሆኖም በጻፋቸው መጣጥፎች መጨረሻ ላይ መምህራኑን አመስግኗል፣ ባልደረቦቹን አመስግኗል፤ አባቱን አንድም ቦታ አላመሰገነም። አባትየው አርፎ፣ ስሙ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ የልጁን ሥራ ተሸክሞ ሲዞር ነበር።

ልክነህ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቶ እናቱ ጋ ደወለ። «እማ፣ የአባዬን ስም አገኘሁት» አላት።

«ውይ ልጄ» አለች እናቱ፣ «መቼ ጠፍቶ?»

ማዕረጉን ሰጡት ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ በአባቱ ስም የተገኘውን አይተው ሰጡት። እሱ ግን በዚያ ቀን የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ ስሙ ሲነበብ ከነአባቱ እንዲነበብለት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ በማን ስም ነው ራሳችሁን የምትፈልጉት? በራሳችሁ ስም ፈልጋችሁ፣ ሁለት ነገር አግኝታችሁ፣ አንዱም የራሳችሁ ውዳሴ ሆኖባችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ የገባችሁበት ቀን የለም? ማንም አልሰማኝም ብላችሁ የጸሎታችሁን ማመልከቻ የሳባችሁበት ቀን የለም?

ያለንን ሁሉ ከማን አገኘነው? መልካሙን ከክፉ የሚለየውን ጆሮ ማን ሰጠን? ስንቱ ሰው ሞተ ሲለን፣ መጣ ብሎ እጃችንን የያዘን ማን ነው? ሰማያዊው አባታችን አይደለም? እኛ ግን ሁሉን አመስግነን እሱን እንረሳለን። ስሙ ግን አልጠፋም። መቼ ጠፍቶ?

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አመስግኑ። በስማችሁ ተፈልጋችሁ ብትታጡም አትደንግጡ። የአባታችሁን ስም ጻፉ።