የበቅሎዋ ጠባሳ

አንድ ሰው ነበረ፤ በቅሎው ጠፍታበታለች። ቆይ እንጂ መምህርት ዝናሽ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ተማሪዎቼ ታሪክ ሲጽፉ ወደ ኋላ መመለስን፣ ምልሰትን፣ በምን ላስተምራቸው?» ብለሻል። መልሱ ያለው ከዚህ ሰውዬ ዘንድ ነው።

ሰውየው በቅሎውን ከጠፋች በስድስተኛ ወሯ ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኛት፤ አንድ ነጋዴ ጭኗት ሊሄድ ሲል። ገመዷን ይዞ «በሕግ አምላክ!» አለ። ነጋዴው ቆመ። ሦስት ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡላቸውና «በል ተናገር» አሉት።

የኔ ብልጥ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ከአያቱ ጀመረልሻ! አያቱ አገር ሲያቀኑ፣ አባቱ ሚስት ሲያገቡ፣ የበቅሎዋ እናት ስትገዛ... ፀሐይ አዘቀዘቀች። አንደኛው ሽማግሌ አንቀላፉ። ነጋዴው «መንገዴ ሩቅ ነው» እያለ ጭነቱን ማጥበቅ ያዘ። በቅሎዋ ልትሄድ ነው! ምስኪን ባለበቅሎው፣ እሷ ከሄደች የቤቱን እህል በገዛ ጀርባው ሊሸከም ነው።

ይሄኔ አብራው ገበያ የመጣችው ሚስቱ ብድግ አለች። «ኧረ በማርያም፣ አንተ ሰው!» ብላ የበቅሎዋን ጋማ ገለጥ አደረገች። «አባቶቼ፣ ይቺን ጠባሳ እዩልኝ።»

ያንቀላፉት ሽማግሌ ነቁ። «ምን ነክቷት ነው?» አሉ።

«ውርንጭላ ሳለች፣ ሕዳር ሲታጠን፣ ከሚነደው ቆሻሻ ፍም ተፈናጥሮ አንገቷ ላይ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጭስ ካየች እኔ ጀርባ ነው የምትደበቀው» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሽማግሌዎቹ ጭድ አስመጥተው ለኮሱ። በቅሎዋ ጭሱን ስታይ ነጋዴውን ከነገመዱ እየጎተተች ሄዳ ከሴትዮዋ ጀርባ ተወሸቀች፤ ጭነቱም ተዘረገፈ። ገበያው በሳቅ አውካካ። ነጋዴውም «ለካ የሌባ ከብት ነው የገዛሁት!» ብሎ ገመዱን ለቀቀ።

እንግዲህ ዝናሽ፣ ልጆችሽ እንደ ባልየው ናቸው። አትቆጫቸው፤ የሚያውቁትን ሁሉ ለመናገር ጓጉተው ነው። መጀመሪያ በቅሎዋን ፊታችን አቁመው ጠባሳዋን ያሳዩን። አንባቢው «ምን ነክቷት ነው?» ሲል ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ሄደውም እዚያው አይክረሙ። ምልሰት ለዛሬ የጎደለውን ከትናንት ማምጣት ነው። ባዶ እጁን የሚመለስማ፣ ድሮውንስ ምን ሊሠራ ሄደ?