ልጣጯን አልለቅም ያለችው ቲማቲም

ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው የኖርኩት ጥያቄ አለ። ዱላው ውሻውን አልመታም፣ እሳቱ ዱላውን አላቃጥልም፣ ውሃው እሳቱን አላጠፋም እየተባለ በሚረዝመው ተረት ውስጥ፣ እምቢ ያለውን «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል? ሁሉም እምቢታውን እንደ ሰማ «ቆይ፣ እነግርብሃለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ይህን ለማንም አንስቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ተረት ያስተማሩን መምህር «ጥያቄ ያለው?» ባሉ ቁጥር እጄ ከጠረጴዛው ሥር ይቀር ነበር። መልሱን ያገኘሁት የፓስታ ስጎ ስሠራ ነው።

እንዲህ ሆነ። በአዳማ ከተማ፣ ባለ ብዙ በር ግቢ ውስጥ፣ ምግብ ያስጠላው አንድ አባት ነበር። የእኔ አባት ነው። ዕድሜውን በተሳቢ መኪና ላይ ያሳለፈ ሹፌር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲቀመጥ የደም ግፊት ተገኘበት። ሐኪሙ ዘይት ቀንስ፣ ጨው ቀንስ አለው። እኔ ዘይቱንና ጨውን ስቀንስ እሱ መብላቱን ቀነሰ። ሁለት ጊዜ ጎርሶ «ይቅር» ይላል፤ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ አይወሰድም። ቀበቶው በነበረው ቀዳዳ አልይዝ ብሎት በምስማር ሌላ ሲበሳ አይቼው እንዳላየ አለፍኩ።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ግን ከአልጋው ቀና አለ።

«ትርሲት፣ ፓስታ አማረኝ። በስጎ።»

እንዳይሰማብኝ ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «ዘይት የለውም» አልኩት።

«ዘይት እንደሌለው አውቃለሁ። ልጣጭ ግን እንዳይኖረው። የቲማቲም ልጣጭ ከዚህ ከሰው ሠራሽ ጥርሴ ሥር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስታገለው ነው የምውለው።»

«ታዲያ ጥርስህን አውልቀህ ብላዋ፣ አባዬ።»

«ፓስታ በድድ ሲበላ የት አይተሻል?» አለ። በስንት ጊዜው የቀለደው ያን ቀን ነው።

ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሰሞኑን እንደማደርገው በሩን ቀረቀርኩ። መብራት ስለጠፋ ከሰል ማንደጃ ላይ ከሰል አያያዝኩና ውሃ ጣድኩ። የመቂ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ለጣፋጭነት አንድ ካሮት፣ ለሽታ ትኩስ በሶብላ አቀረብኩ። ከዚያ በጣም የበሰለችውን ቲማቲም አነሳሁ።

«ቲማቲም ሆይ፣ ልጣጭሽን ልቀቂ» አልኳት።

«አልለቅም» አለች። «የመቂን ፀሐይ ሁሉ የቻልኩበት ልብሴ ነው።»

በቢላ ብሞክራት ልጣጯ ሥጋዋን ይዞ መጣ፤ እጄ ላይ ልትፈርስ ደረሰች። በትሕትና መልሼ አስቀመጥኳት።

«እንግዲያው ለውሃው እነግርብሻለሁ።»

«ንገሪ» አለች።

ወደ ውሃው ዞርኩ። «ውሃ ሆይ፣ ፍላና ቲማቲሟን ገሽልጥልኝ። ቲማቲሟ ልጣጬን አልለቅም አለች፤ ልጣጭ ካለው ደግሞ አባዬ አልበላም አለ።»

«አልፈላም» አለ ውሃው። «ለብ ብያለሁ፤ ለብ ማለት ተስማምቶኛል።»

«እንግዲያው ለከሰሉ እነግርብሃለሁ።»

«ደህና አድርገሽ ንገሪ።»

ወደ ከሰሉ ጎንበስ አልኩ። «ከሰል ሆይ፣ ቅላና ውሃውን አፍላልኝ። ውሃው አልፈላም አለ፤ ቲማቲሟ ልጣጬን አልለቅም አለች፤ ልጣጭ ካለው ደግሞ አባዬ አልበላም አለ።»

ከሰሉ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና መልሶ ጨፈነ። «አልቀላም» አለ። «በታፈነ ቤት እንቅልፍ ነው የሚመጣብኝ።»

በካርቶን ቁራጭ አራገብኩት። አመዱ ተነሥቶ መነጽሬ ላይ ዐረፈ፤ ከሰሉ ግን እንደ ተኛ ቀረ። በዚህ መሀል የአባዬ ድምፅ ከወዲያ መጣ።

«ትርሲት፣ ፓስታው ከጣልያን አገር ነው እንዴ የሚመጣው?»

«ደርሷል፣ አባዬ» አልኩ። ውሸቴን ነው።

ከውጭ የአዳማ ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንኳኳ ያልፋል። ወደ በሩ ሄጄ በስንጥቁ ተጣራሁ። «ነፋስ ሆይ፣ ግባና ከሰሉን አራግብልኝ። ከሰሉ አልቀላም አለ፤ ውሃው አልፈላም አለ፤ ቲማቲሟ ልጣጬን አልለቅም አለች፤ ልጣጭ ካለው ደግሞ አባዬ አልበላም አለ።»

«አልገባም» አለ ነፋሱ። «በስንጥቅ የሚገባ ሌባ ነው። እኔ የምገባው በበር ነው።»

«እንግዲያው ለበሩ እነግርብሃለሁ።»

«እሱን እንኳ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ» ብሎኝ አለፈ።

በሩን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩት። «በር ሆይ፣ ተከፈትና ነፋሱን አስገባልኝ። ነፋሱ አልገባም አለ፤ ከሰሉ አልቀላም አለ፤ ውሃው አልፈላም አለ፤ ቲማቲሟ ልጣጬን አልለቅም አለች፤ ልጣጭ ካለው ደግሞ አባዬ አልበላም አለ።»

«አልከፈትም» አለ በሩ። «ማን ነው የቀረቀረኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደሆነም አልረሳሁትም። እትዬ አስካለ አሁንም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው ካልተነሱ አልከፈትም።»

እውነቱን ነው። በእኛ ግቢ ወጥ በሰለ የሚባለው ዘይቱ ከላይ ሲወጣ ነው። ሴቶቹ በማድ ቤት በር ሲያልፉ «ደረሰ?» አይሉም፤ «ዘይቱ ወጣ?» ነው የሚሉት። ዘይት ያልወጣበት ወጥ የታየባት ሴት ወይ አታውቅበትም፣ ወይ ቤቷ ጎድሏል ማለት ነው፤ ወሬው ከምሳ በፊት የግቢውን በር ሁሉ ያዳርሳል። በዚህ ሙያ ደግሞ ከጎረቤታችን ከእትዬ አስካለ የሚቀድም የለም። ስለዚህ የአባዬን ምግብ ያለ ዘይት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ተደብቄ ነው የማበስለው።

በስንጥቁ አጮልቄ አየሁ። እትዬ አስካለ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ምስር ይለቅማሉ። የሚነሱ አይመስሉም። ከመኝታ ቤቱ ደግሞ ያ የምፈራው ቃል መጣ።

«ትርሲት፣ ካልሆነ ይቅር። ልተኛ ነው።»

ይቅር አለ ማለት መድኃኒቱም ቀረ ማለት ነው። በሳምንታት ውስጥ ምግብ ያማረው ዛሬ ብቻ ነበር። አፌን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ።

«እትዬ አስካለ።»

«አቤት። ማን ነው በሩን የሚያናግረው?»

«እኔ ነኝ፣ ትርሲት።»

«ወጥተሽ አናግሪኛ። ሙሽራ ነሽ እንዴ?»

«እትዬ አስካለ፣ ከዚያ ቦታ ቢነሱልኝ። እርስዎ ካልተነሱ በሩ አልከፈትም አለ፤ በሩ ካልተከፈተ ነፋሱ አልገባም አለ፤ ነፋሱ ካልገባ ከሰሉ አልቀላም አለ፤ ከሰሉ ካልቀላ ውሃው አልፈላም አለ፤ ውሃው ካልፈላ ቲማቲሟ ልጣጬን አልለቅም አለች፤ ልጣጭ ካለው ደግሞ አባዬ አልበላም አለ።»

ምስሩን ትተው ወደ በሩ ቀና አሉ።

«ይቺ ልጅ መጽሐፍ አብዝታ ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ፣ «አልነሳም» አሉ።

በተረቱ ወግ አሁን «እነግርብዎታለሁ» ማለት ነበረብኝ። ለማን? ከእትዬ አስካለ በኋላ የሚነገርለት ማንም የለም፤ በግቢው በሰው ላይ የሚነገር ነገር ሁሉ የሚነገረው ለእሳቸው ነው። ሰንሰለቱ እዚያ ላይ አለቀብኝ። ሌላ የምለው ስላጣሁ፣ ስንት ዓመት የያዝኩት ቃል አፌን ቀድሞኝ ወጣ።

«ለምን?»

«ለምን አልሽኝ?»

«አዎ። ለምን አይነሱም?»

እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ግራና ቀኝ አዩ፤ ዱካቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ተጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብነሳ ማድ ቤቴ መግባቴ ነው፤ ብገባ ድስቴን ማየቴ ነው። ስኳር አለብሽ ብለው ዘይት ቀንሺ ካሉኝ ሰነበተ። ዘይት የለው፣ ምኑ ይወጣና መብሰሉን ልወቅ? አንዴ ጥሬውን በላሁት፤ አንዴ ድስቱ ላይ አረረ። ሰው መጥቶ እንዳያይብኝ በሬን ቆልፌ እዚህ ተጎልቻለሁ።»

«እኔን ሊጠብቁኝ የተቀመጡ መስሎኝ ነበር።»

«አንቺንማ ጠርጥሬሻለሁ። በር ዘግታ ስትሠራ፣ ይቺ ልጅ ለአባቷ ብቻዋን ዶሮ ታበላለች ብዬ ነበር።»

«ዘይት የሌለው የቲማቲም ስጎ ነው፣ እትዬ አስካለ።»

ሰፌዱ ጭናቸው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸውን አፍነው ነው።

«ታዲያ ከማን ነው የተደበቅሽው?»

«ከእርስዎ ነዋ። ቢያዩ ያወሩብኛል ብዬ።»

«አወራ ነበር፤ ምን ይዋሻል» አሉ። «ለመሆኑ መብሰሉን በምን ታውቂያለሽ?»

«ይነሱና ይግቡ፤ ላሳይዎት።»

እትዬ አስካለ ተነሱ። እትዬ አስካለ ሲነሱ በሩ ተከፈተ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ በክብር ገባ። ነፋሱ ሲገባ ከሰሉ ነቅቶ ቀላ። ከሰሉ ሲቀላ ውሃው ለብታውን ረስቶ ተንፈቀፈቀ። ውሃው ሲፈላ ቲማቲሟን ከነጓደኞቿ ከተትኳት፤ ብዙም ሳትቆይ ወገቧ ላይ ተሰነጠቀች። አውጥቼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ ባሻት ያ ሁሉ የተኮራበት ልብስ በጣቴ ተጠቅልሎ ወለቀ።

«አፈርኩ» አለች ቲማቲሟ።

«ያምርብሻል» አልኳት።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ድስት ላይ አደረግኩ፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እያደረግኩ እስኪለሰልስ አቁላላሁት። ነጭ ሽንኩርቱንና የተፈቀፈቀውን ካሮት ጨመርኩ። ቲማቲሙን ከትፌ ከተትኩና ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ተንተከተከ፤ ውሃውን መጠጠ፤ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ቀላ። እትዬ አስካለ ዱካቸውን ማድ ቤቱ ውስጥ አስገብተው ተቀምጠዋል፤ ምስራቸውን ረስተውታል።

የግቢው ሰው የሆነች አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ስታልፍ ክፍቱን በር አየችና ቆመች።

«ዘይቱ ወጣ?» አለች።

ጆሮዬ ጋለ። እትዬ አስካለ ግን አንገታቸውን አስግገው፣ «አልወጣም» አሏት። «ሳይገባ ከየት ይወጣል?»

ሴትዮዋ ድስቱን አየች፤ እትዬ አስካለን አየች፤ ባልዲዋን ይዛ ሄደች። እኔ ማማሰያውን አነሳሁና የድስቱን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰነጠቅኩት። ስጎው ወዲህና ወዲያ ተከፈለ፤ መሀሉ ላይ ቀጭን መንገድ ታየ፤ መንገዱ ቶሎ አልተደፈነም።

«በዚህ ነው የማውቀው» አልኳቸው። «ጥሬ ሲሆን ወዲያው ይገጥማል። ሲበስል መንገዱ ይቆያል።»

«በቃ፣ ይህች ናት?» አሉና ማማሰያውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ሰነጠቁት። ደግመው ሰነጠቁት።

ሽታው በክፍቱ በር ወጥቶ መኝታ ቤት ደርሶ ኖሮ፣ አባዬ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ዕድሜዬን ሙሉ መንገድ ፍለጋ ስዞር፣ ለካ ድስት ውስጥ ነበር» አለ።

«ጋሽ ይልማ፣ ይቀመጡ» አሉት እትዬ አስካለ። «የተበጣጠሰ በሶብላ ገና ይገባበታል።»

በሶብላውን በተንኩ፤ ጨው በሁለት ጣቴ ብቻ ቆነጠርኩ። ፓስታውን ቀቅዬ አጠለልኩና ስጎውን ከላይ አፈሰስኩበት። አባዬ አንድ ጎረሰ። በምላሱ ጥርሱ ሥር ፈተሸ።

«ልጣጭ የለውም» አለ።

«ጨውስ?»

«አለው እንዴ? አላገኘሁትም» አለና ሁለተኛ ጎረሰ። ከዚያ ሦስተኛ። ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ሲጨርስ ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ወደ እኔ ዞሮ «መድኃኒቴን አምጪልኝ» አለ። ወደ ድስቱም አየ። «እንዲያው ጭልፋ ያህል ተርፎ እንደሆነ» ብሎ ጨመረ።

ስለዚህ አባዬ በላ፣ ቲማቲሟ ልጣጯን ለቀቀች፣ ውሃው ፈላ፣ ከሰሉ ቀላ፣ ነፋሱ ገባ፣ በሩ ተከፈተ፣ እትዬ አስካለም ተነሱ፤ ሁሉም የሆነው በአንዲት ቃል ነው። በተረቶቹ ውስጥ ማንም «ለምን?» የማይለው፣ ከተጠየቀ ተረቱ ስለሚያልቅ ሳይሆን አይቀርም። የእኔም እዚህ ላይ ያልቃል፤ የምትተርኩ ሰዎች እንደ ፈለጋችሁ አርዝሙት።

ማምሻውን ድስቱን ሳጥብ እትዬ አስካለ የለቀሙትን ምስር በሰሃን ይዘው መጡ፤ ነገ አብረን ልንሠራው ተቀጣጠርን። ከሄዱ በኋላ መቀርቀሪያውን ቆሜ አየሁት። ነገ ምስሩን ያለ ዘይት፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ልሠራው ወሰንኩ።